ቲቸር ያያል

ይሄ የጉዳይ ጥናት ስለ አንድ መምህርና ስለ አንድ አጭር የመድረክ ቀልድ ነው። ቦታው ሀዋሳ፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ የመምህሩንም እንዲሁ። ሰው እንዳይለየው ብዬ ጥቂት ዝርዝሮችን ትቻለሁ። የቀረውን ከራሱ፣ ከባልደረቦቹና ቀልዱን ከሠሩት ተማሪዎች ሰምቼ ነው የጻፍኩት።

መምህሩ ታሪክ ያስተምራል። ዕድሜው ሠላሳዎቹ ውስጥ ነው። ሕፃን ሳለ ኩፍኝ ያዘው፤ ሲድን ሁለቱም ዓይኖቹ ላይ ጠባሳ ቀረ። ቀኝ ዓይኑ ምንም አያይም። ግራው ብርሃንን ከጨለማ ይለያል። ክፍል ሲገባ መስኮቱ በየት በኩል እንዳለ ያውቃል። ከዚያ ያለፈ ነገር የለም፤ ፊት አያይም፣ ፊደል አያይም። ይሄን ያዙልኝ፣ ወደኋላ ላይ ያስፈልገናል።

ማስታወሻው በብሬል ነው። ቦርድ ላይ የሚጻፈውን እሱ ይናገራል፣ አንድ ተማሪ ይጽፋል። ፈተና ሲታረም ባልደረባው ያነብለታል፣ ነጥቡን እሱ ይሰጣል። ስልኩ ላይ ስክሪኑን ጮክ ብሎ የሚያነብ ቶክባክ የሚባል ፕሮግራም አለ። መልእክት የሚላላከው በሱ ነው። ተማሪዎቹን በድምፅ ይለያቸዋል። ከኋላ ወንበር ማን እንደሚያወራ ስም ጠርቶ ዝም ያሰኛል።

ከቀልዱ በፊት ኑሮው አልጋ በአልጋ ነበር እያልኩ አይደለም። ካፌ ሲገባ አስተናጋጁ አብሮት ያለውን ሰው «ለእሱስ ምን ይምጣለት?» ብሎ ይጠይቃል። መናኸሪያ አካባቢ ቆሞ ጓደኛ ሲጠብቅ እጁ ላይ ብር ያስቀመጡለት አሉ፣ «እግዜር ብርሃኑን ይስጥህ» ብለው። ደሞዝተኛ ነኝ ቢል ማን ይሰማዋል። ትምህርት ቤት ውስጥ ግን ሰላም ነበር። እዚያ ቲቸር ነው። ጥያቄው ይከብዳል፣ ማርክ አይለቅም፣ በቃ።

የወላጆች ቀን

በአንደኛው ሴሚስተር ማብቂያ ላይ የወላጆች ቀን ተከበረ። የሚኒ ሚዲያና የድራማ ክበብ ልጆች ኮሜዲ አዘጋጁ። ዋናው ገጸ ባህርይ ዓይነ ስውር ለማኝ ነው። ጥቁር መነጽር፣ ረጅም ዱላ፣ የተቀደደ ኮት። ሲገባ የማይክሮፎኑን መቆሚያ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለዋል። አጠገቡ ከተቀመጠው ሰውዬ ሳህን ይጎርሳል። የሴት ድምፅ ሲሰማ እጁን ዘርግቶ እየዳበሰ ይከተላታል። እስከዚህ ድረስ አዳራሹ ፈገግ፣ ሳቅ ሳቅ ብሏል። ሰዉን ከወንበሩ ያስነሳው የመጨረሻው ነው። አንድ መንገደኛ አሥር ብር ሊሰጠው ሲል ዓይነ ስውሩ «ይቺንስ ተዋት፣ ያቺን ከኪስህ ብቅ ያለችውን ሁለት መቶ አምጣት» ይላል። ሰዎች ያባርሩታል። መነጽሩን አውልቆ ቦይ ዘሎ ይፈረጥጣል።

መምህሩ ከፊት ረድፍ ተቀምጧል። ሳቁን ይሰማል። የሚያስቀው ነገር ግን አብዛኛው በእንቅስቃሴ ነው፣ ንግግር የለውም። አጠገቡ ያለውን ባልደረባውን «ምን ሆኖ ነው?» አለው። «ኧረ ምንም» ተባለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠየቀ። «ልጆቹ ይቀልዳሉ» አለው። አዳራሹ ውስጥ ቀልዱ ያልደረሰው ሰው ቢኖር እሱ ነው። የሁለት መቶ ብሯ ግን በቃል ስለተነገረች ሰማት። ሳቀም። «ልጁ ጎበዝ ነው፣ ሰዓቷን ጠብቆ ነው የጣላት» ብሎኛል።

ይሄን ማንሳቴ በምክንያት ነው። እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲነሳ ብዙ ሰው «ተከፋ፣ ይቅርታ ይጠየቅ» ብሎ ፋይሉን ይዘጋል። መምህሩ በዕለቱ አልተከፋም። ከባልደረቦቹ ጋር ምሳ በልቶ ባጃጅ ይዞ ቤቱ ገባ። የተከፋው ሁለተኛው ሴሚስተር ሲጀመር ነው።

ሙከራው

መጀመሪያ የመጣው ወንበር ነው። በዴስኮቹ መሀል በሚመላለስበት መተላለፊያ ላይ አንድ ወንበር ተቀምጦ ጠበቀው። በትሩ ነካው፣ ዞሮ አለፈ። ከኋላ አንዱ «አያችሁ? አየው እኮ!» አለ። ኦሪት ዘሌዋውያን 19፥14 ላይ «በዕውርም ፊት ዕንቅፋት አታድርግ» የሚል አለ፤ ከልጆቹ ብዙዎቹ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ናቸው። ግን ዕንቅፋት ያስቀመጡ አልመሰላቸውም። ያወራኋቸው ሁሉ ያሉኝ አንድ ነው፦ «ማረጋገጥ ፈልገን ነው።»

ቀጥሎ ፊቱ ላይ እጅ ተወዛወዘ። እንዴት አወቅህ አልኩት። «እጁን አላወቅኩም» አለ። «ክፍሉ ባንዴ ጭጭ ሲል ግን የሆነ ነገር እየተሠራብኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለ ዓድዋ ሳስተምር እንደዚያ ጸጥ ብለው አያውቁም።»

አንድ ቀን ስም ሲጠራ አንዱ ተማሪ ለቀረ ጓደኛው «አቤት» አለ። መምህሩ ድምፁን ያውቀዋል። በስሙ ጠርቶት «አንተ ለራስህ አቤት በል» አለው። ድሮም ያደርገው ነበር። ድሮ ልጆቹ «ጆሮው!» እያሉ ይገረሙ ነበር። አሁን የተባለው ሌላ ሆነ፦ «ቲቸር ያያል።»

ወሬው እግር አወጣ። በእረፍት ሰዓት ስልኩን ሲነካካ ያዩት ልጆች እንደ ማስረጃ ያዙት። ፌርማታ ላይ ባጃጅ አስቁሞ ሲገባ ያየችው ልጅም የራሷን ጨመረች። የባጃጅ ድምፅ ከሩቅ እንደሚሰማ ማንም አላሰበም። ከክፍል ክፍል፣ ከዚያ ወደየቤቱ ገባ። አንዲት ወላጅ ቢሮ ድረስ መጥተው «እውነት ዓይነ ስውር ነው? ወይስ ሥራውን ለማግኘት ነው?» ብለው ጠየቁ። መምህሩ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሴትየዋ እሱ መሆኑን አላወቁም፤ ጥቁር መነጽር አላደረገማ።

እዚህ ላይ የሕክምናውን ነገር ላንሳ። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ የተሻለው ዓይን እይታ ከ3/60 በታች ከሆነ ሰውየው ዓይነ ስውር ይባላል። ጤነኛ ዓይን በ60 ሜትር ርቀት የሚለየውን 3 ሜትር ድረስ ቀርቦም መለየት አይችልም ማለት ነው። ከዚህ መስመር በታች ምንም የማያይ አለ። ጥላ የሚያይ አለ። እንደኛ መምህር መስኮቱን ብቻ የሚያውቅም አለ። ሁሉም ዓይነ ስውር ናቸው። ቀልዱ የሚያውቀው ግን ሁለት ዓይነት ሰው ነው፦ ድፍን ጨለማ ውስጥ ያለና አጭበርባሪ። መሀል ላይ ያለው ሰው የት ይግባ?

የቆጣሪው ጉዳይ

ወሬው የመምህሩ ቤት አከራይ ጋ ሲደርስ መልኩን ቀየረ። ሴትየዋ ደግ ናቸው፤ በዓል ሲሆን ሳይጠሩት አይውሉም። ልጃቸው እዚያው ትምህርት ቤት ትማራለች። ግቢው ውስጥ ያለው ቆጣሪ አንድ ነው። የመብራት ሂሳብ ለተከራዮቹ ይካፈላል። እሱን ግን ከሌሎቹ ያነሰ ነበር የሚያስከፍሉት። «መምህር፣ አንተን ደግሞ መብራት ምን ያደርግልሃል» እያሉ። እሱም «እማማ፣ ስልክ ቻርጅ አደርጋለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ፣ እንደሰዉ ልክፈል» ብሎ ተከራክሮ ተሸንፏል።

«ያያል» የሚለው ሲመጣ ማታ ማታ የክፍሉን መስኮት መመልከት ጀመሩ። መብራት በርቷል። «የማታይ ከሆነ ለምን ታበራለህ?» አሉት። መልሱ ቀላል ነው። አምፖል ሲበራ ግራ ዓይኑ ያውቀዋል፤ ደስ ይለዋል። እንግዳም ይመጣል፤ በጨለማ ተቀመጡ አይባል። ይሄን ሁሉ አስረዳቸው። አልተዋጠላቸውም። ያለፈውን ልዩነት ደምረው አስከፈሉት። ብሩ ትንሽ ነው። የጎዳው ማታ መብራት ሲያበራ ማን እያየኝ ይሆን ብሎ ማሰብ መጀመሩ ነው። ለተወሰነ ጊዜ ማብራቱን ተወው።

ያው ሰሞን ትምህርት ቤቱ ሌላ ነገር ወሰነ። መምህሩ ከሌላ መምህር ጋር እየተጣመረ ፈተና ይፈትን ነበር። አንዱ ይዞራል፣ እሱ በር ላይ ሆኖ ያዳምጣል። ሹክሹክታ ከሱ አያመልጥም። ከፈታኞች ምደባ ላይ ስሙ ወጣ። በሆምሩምነት፣ ማለትም በክፍል ኃላፊነት፣ ይዞት የነበረውም ክፍል ለሌላ ተሰጠ። ሲጠይቅ የተሰጠው መልስ በፈገግታ የታጀበ ነው፦ «ተማሪው እየቀለደብህ ነው፣ ለክብርህ ብለን ነው።»

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ተማሪው፣ ወላጅዋና አከራይዋ «ያያል» ይላሉ። ቢሮው «ስለማያይ አይችልም» ይላል። ሁለቱም የወጡት ከአንድ መድረክ ነው። ማይክሮፎን ሰላም የሚለው ሰውዬ «አይችልም» የሚለውን ሰጠ። ሁለት መቶ ብሯን የሚያየው ሰውዬ «ያጭበረብራል» የሚለውን ሰጠ። መምህሩ አንድ ነገር ሲሳነው የመጀመሪያውን ሰውዬ ይሆናል፤ ሲሳካለት ሁለተኛውን። ጎበዝ መሆኑ ራሱ ማስረጃ ሆነበት። እኔ ከጉዳዩ ሁሉ የከበደኝ ይሄ ነው። በሚደናበር ዓይነ ስውር የሚቀለደውን ቀልድ ሰው ጎበዝ ሆኖ ሊያፈርሰው ይችላል። «ሲያስመስል ነው» የሚለውን ግን በምን ያፍርሰው? በጎበዘ ቁጥር ጥርጣሬው ይጨምራል።

«በሁሉም ይቀለዳል»

ከመምህራኑ አንዱ ይሄን ተከራክሮኛል። በገጠሬ ይቀለዳል፣ በሰካራም ይቀለዳል፣ በነጋዴ ይቀለዳል፣ ታዲያ ዓይነ ስውር ምን የተለየ አለው? ጥያቄው ፌዝ አይደለም፣ መልስ ይገባዋል።

ነጋዴ ላይ ሲቀለድ ተመልካቹ ጎረቤቱ ነጋዴ ነው፣ አጎቱ ነጋዴ ነው። ቀልዱን ከሚያውቃቸው ሰዎች ጋር ያመዛዝነዋል። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ግን ስንት ዓይነ ስውር ያውቃል? በ1998 ዓ.ም. አካባቢ በተሠራው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ሰው 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር ነበር። ግማሽ የሚሆነው ምክንያት የዓይን ሞራ ነው፤ እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው። ስለዚህ ብዙው ዓይነ ስውር ቤት የተቀመጠ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ነው። ልጁ የሚያውቃቸው ገብርኤል ደጅ የሚለምኑትን፣ መድረክ ላይ ያየውንና ቲቸርን ነው። ቀልዱ የመጀመሪያዎቹን ከሦስተኛው ጋር አዋሐደለት።

ደግሞ ልጆቹ ከባዶ አልፈጠሩትም። «ዕውር ቢሸፍት እስከ ጓሮ» እያልን ያደግን ሰዎች ነን። ለማኙን የሠራው ልጅ መነጽሩንም አካሄዱንም ከቲክቶክ ነው የቀዳው። «ቲቸርን አስቤ አልሠራሁትም» አለኝ። አምነዋለሁ። ቲቸርን ቢያስብ ኖሮ ገጸ ባህርዩ ሌላ ይሆን ነበር። የሚገርመው ያው አገር ዓይናቸው የማያይ የቅኔ መምህራንን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጉዞ ሲማርባቸው የኖረ አገር ነው። ይሄ ወደ ኮሜዲ አልገባም።

ነገሩ የኛ ብቻም አይደለም። ሚስተር ማጉ የሚባል ከእ.ኤ.አ. 1949 ጀምሮ የሚታወቅ የአሜሪካ ካርቱን አለ። ዓይኑ በጣም ደካማ የሆነ ሽማግሌ ነው፤ አንዱን ነገር ከሌላው እያምታታ ከጥፋት ወደ ጥፋት ይሄዳል፣ ራሱ ግን አይታወቀውም። ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1997 ፊልም ሊያደርገው ሲል የአሜሪካ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ፌዴሬሽን ተቃወመ። ፊልሙ ወጣ። መጨረሻው ላይ ይሄ ዓይነ ስውርነትን በትክክል ለማሳየት የታሰበ አይደለም የሚል ማስታወሻ ተጨመረበት። ሰው ስቆ ጨርሶ ጃኬቱን እየለበሰ ሳለ ማለት ነው።

ዳይሬክተሩም ያሰቡት ይሄንኑ ዓይነት ነው። ጠዋት በሰልፍ ላይ የክበቡ ልጆች «ማንንም ለመንካት አልነበረም» ብለው ይቅርታ እንዲጠይቁ። መምህሩ እምቢ አለ። «እስከዛሬ ይስቁ ነበር። ከይቅርታው በኋላ ያዝኑልኛል። የሚያዝንልኝን ተማሪ እንዴት አድርጌ ነው ዜሮ የምሰጠው?» አለኝ።

የተጠየቀው ጥያቄ

ይቅርታውን ትቶ የክበቡን ልጆች ከትምህርት በኋላ አንድ ክፍል ሰበሰባቸው። ነጭ በትሩን፣ የብሬል መጻፊያውንና ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። «የፈለጋችሁትን ጠይቁ፣ ነውር የለም» አላቸው። መጀመሪያ ማንም አልተናገረም። ከዚያ አንዷ «ቲቸር፣ ብር እንዴት ይለያሉ?» አለች። የሁለት መቶ ብሯ ነገር ከንክኗታል። ኪሱን ፈትቶ አሳያት። እያንዳንዱን ብር በተለያየ መንገድ ነው የሚያጥፈው፤ አንዱን በቁመቱ፣ አንዱን በጎኑ፣ አንዱን ሳያጥፍ። መጀመሪያ ሲቀበል ግን ሰው ሊነግረው ይገባል። «የባጃጅ ሾፌር መልስ ሲሰጠኝ የማምነው እሱን ነው» አላቸው። ተታልለው ያውቃሉ ወይ አለ አንዱ። «እናንተስ?» አለ። ሳቁ።

ጥያቄው ተከታተለ። ሕልም ያያሉ? ስልኩ ምን ይላል? ድምፁን አሰማቸው። ለሱ በለመደው ፍጥነት ሲያነብ አንድም ቃል አልያዙም፤ ቀስ አድርጎላቸው ነው የሰሙት። ስልክ መነካካቱ የማየት ማስረጃ ሆኖ የነበረው እዚያች ላይ አበቃ። ያያሉ ወይ የሚለውም መጣ። «መስኮቱ እዚያ ነው» ብሎ ጠቆመ። «ከዚያ በቀር አንተን ከበሩ አልለይህም።» የትነበርሽ ንጉሤን ሰምታችኋል ወይ ብሎም ጠየቃቸው። አብዛኞቹ አልሰሙም። እዚህ ቅርባችን ሻሸመኔ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የተማረች፣ ጠበቃ የሆነች፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘች ኢትዮጵያዊት ናት።

ከዚያ ያላሰቡት ነገር መጣ። «ቀልድ ከፈለጋችሁ እኔ አለኝ» አለ። ዓይነ ስውራን ተሰብስበው ሲጫወቱ የሚነሳው ቀልድ ሌላ ነው፤ መሳቂያው የሚያየው ሰው ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለ መብራት ሲጠፋ ዶርሙ በሙሉ «ሻማ! ሻማ!» እያለ ሲራኮት እሱ አልጋው ላይ ተጋድሞ ብሬሉን በጣቱ እያነበበ ይቀጥላል። ፈተና ደርሶ ነበርና አንዱ ተበሳጭቶ «ይሄ ሰውዬ ጄኔሬተሩን ብቻውን ይጠቀማል!» አለው። ሌላም አለ። ጥግ ላይ ሰው እየጠበቀ ሳለ አንድ ደግ ሰው ሳይጠይቅ ክንዱን አፈፍ አድርጎ አስፋልቱን አሻገረው። መርቆትም ሄደ። ለመመለስ ሌላ ደግ ሰው መጠበቅ ነበረበት።

ልጆቹ እነዚህን በሚኒ ሚዲያ ሠሯቸው። ሚኒ ሚዲያ በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ የሚተላለፍ ነው፤ መድረክ የለው፣ መነጽር የለው። መደናበርና መዳበስ በድምፅ አያስቅም። ቀልዱ የግድ ንግግሩ ውስጥ መግባት አለበት። በዚያ ላይ መምህሩም እኩል ይሰማል፤ አጠገቡ ያለውን «ምን ሆኖ ነው?» አይልም። ለማኙን የሠራው ልጅ እዚህም ዋና ተዋናይ ነበር፣ ክንድ አፈፍ የሚያደርገውን ደግ ሰው ሆኖ። ከመጀመሪያው የበለጠ አስቋል ብዬ አልዋሽም። ሁለት መቶ ብሯ አሁንም ታሸንፋለች።

ምን ተቀየረ

ክፍል ውስጥ ወንበር ማስቀመጡ ቀረ። «ያያል» የሚለው ወሬ ክበቡ ባሉ ልጆች ዘንድ ሞቷል፤ ሌሎቹ ጋ ይደክማል ይነሳል። የወላጆች ቀኑን ቪዲዮ አንድ ሰው ቲክቶክ ላይ ጭኖት አሁንም ይዞራል፤ የክበቡ ልጆች አጥፋው ብለው ለምነው አልሆነም። አከራይዋ ሂሳቡን እኩል ያስከፍሉታል። የፈለገውም ይሄን ስለነበር ተስማምቶታል፤ መብራቱንም እንደገና ማብራት ጀምሯል።

ያልተፈታው የቢሮው ነው። አዋጅ ቁጥር 568/2000 በሥራ ላይ በአካል ጉዳት ምክንያት ማግለልን ይከለክላል፤ አሠሪው ለሠራተኛው የሚመች ሁኔታ እንዲፈጥርም ያዛል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ አንቀጽ 8 ላይ የተዛባ አመለካከትን መዋጋትን የመንግሥት ግዴታ ያደርገዋል። የኛ ጉዳይ ላይ ማንም በክፋት አልተነሳም። «ለክብርህ» ተብሎ የተወሰደ ሥራ ግን የተወሰደ ሥራ ነው። ተማሪዎቹ በጥያቄ የተመለሱትን ያህል ቢሮው አልተመለሰም፤ ቢሮው መቼ ጠየቀ።

መምህሩ ማመልከቻ ጽፏል። በብሬል ረቂቁን ሠርቶ፣ በኮምፒውተር ጽፎ፣ አስፈርሞ መዝገብ ቤት አስገብቷል። የጠየቀው እንደ ድሮው ከሌላ መምህር ጋር ተጣምሮ መፈተንና ሆምሩሙ እንዲመለስለት ነው። ሹክሹክታ በመስማት የያዛቸውን ኩረጃዎችም ከነክፍላቸው ዘርዝሯል። እስካሁን በቃል የተሰጠው መልስ «በሚቀጥለው ሴሚስተር እናየዋለን» የሚል ነው። እሱ በጽሑፍ እንዲሰጠው ጠይቆ እየጠበቀ ነው።